የአባቴ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ክብ ወጣ፣ ምን ላድርግ?

የአናጺው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በእጁ የሠራው የምግብ ጠረጴዛ አለኝ። ትኩስ ድስት አስቀመጥኩበትና ነጭ ክብ ወጣበት። ብወለውለውም አልለቅ አለ። ጎረቤቴ "በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽ እንደገና ቫርኒሽ ቀቢው" አለችኝ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ደጅ ያለው ከቲክ እንጨት የተሠራ አግዳሚ ወንበሬም ግራጫ ሆኗል። እየበሰበሰ ይሆን?

መላጊያ፦
ልጄ፣ እጅሽ ልክ ነው። ክቡ ነጭ ከሆነ እርጥበቱ የገባው ቅቡ ውስጥ ነው፣ እንጨቱ አልተነካም። ጥቁር ቢሆን ኖሮ ውሃው እንጨቱ ድረስ ዘልቋል ማለት ነበር።

መጀመሪያ ቅቡን እወቂው። ከጠረጴዛው ሥር፣ በማይታይ ቦታ፣ በጥጥ ትንሽ አልኮል ንኪው። ከተጣበቀ ሼላክ ነው፣ በአልኮል የሚሟሟ የቅብ ዓይነት። ሼላክ ሙቀት አይወድም፣ ካውያ እንዳታስጠጊው። ውሃ ያልበዛበት አልኮል ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጊና ክቡን ዳበስ አድርገሽ እለፊው። መቆም የለም፣ ከቆምሽ ጨርቁ ይነክሰዋል። ካልተጣበቀ ደግሞ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ አንጥፈሽ፣ ለብ ባለ ካውያ፣ ያለ እንፋሎት፣ ለጥቂት ሰከንድ ነካ አድርጊው። አንሺ፣ እዪ፣ ድገሚ።

ብርጭቆ ወረቀቱን የምፈራው በደረሰብኝ ነው። በ19 ዓመቴ የአያቴን ቁም ሳጥን ሙሉ እንጨት መስሎኝ ፈገፈግኩት። ላዩ ግን እንደ ወረቀት የሳሳ የዋልነት እንጨት ሽፋን ነበር። ሳላውቀው ሥር ያለው ተራ እንጨት ብቅ አለ። አያቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደጅ ሰው፦
ወንበርሽ አልበሰበሰም። የእንጨቱን ቃጫ አያይዞ የሚይዘውን ሊግኒን ፀሐይ ይሰብረዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል። ግራጫው ላይ ላዩን ብቻ ነው። በሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ እጠቢው፣ የግፊት ውሃ አትጠቀሚ። ይልቅ እግሮቹን እዪ። የተቆረጠው ጫፍ ውሃ ስለሚመጥ እርጥብ አፈር ላይ አታቁሚው። ላስቲክም አታልብሺው፣ እርጥበቱን ያፍናል።

መላጊያ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የተልባ ዘይት ከቀባሽበት ጨርቁን ጨባብጠሽ አትጣይ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተከመረ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ደጅ ዘርግተሽ አድርቂው። ይሄንን ሳልናገር ማንንም አላሰናብትም።

የአናጺው ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሞከርኩት፣ ተጣበቀ። ሼላክ ነው። እንዳሉኝ በአልኮል ሦስት ጊዜ ዳበስኩት፣ ክቡ አሁን ካልፈለጉት አይታይም። ለሙከራው ከሥር ስገባ ደግሞ የአባቴን የእርሳስ ጽሑፍ አገኘሁ። ለእያንዳንዱ እግር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ቁጥር ሰጥቶታል። 3 ላይ "ይህ ወደ መስኮቱ" ይላል። ጠረጴዛውን ዛሬ አዞርኩት።