በስም ማጥፋት ዘመቻው ላይ፦ የጋራ ሐሳባችን ሁለተኛ ረቂቅ

አስተባባሪ፦
አንዲት የሰብዓዊ መብት ተሟጋች «ሰላይ ናት፣ ከውጭ ገንዘብ ትቀበላለች» እየተባለች በአንድ ጣቢያና በማኅበራዊ ሚዲያ ስሟ ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ የሚወስነው ሰነድ ሁለተኛ ረቂቅ ይኸው። በመጀመሪያው ላይ የተነሣውን ዋና ቅሬታ ተቀብዬ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። አሁን የምንጀምረው ከተሟጋቿ ፈቃድ ነው፤ ቀጥሎ ማስረጃ፣ ከዚያ ደኅንነት፣ መግለጫው መጨረሻ ላይ። ስሟንና ፎቶዋን የምንጠቀመው በጽሑፍ በፈቀደችው ልክ ብቻ ነው። ዝም እንዲባል ከመረጠች ሰነዱ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል እንጂ አይወጣም። በየአንቀጹ አስተያየታችሁን ስጡ።

ማስረጃ ቡድን፦
አንቀጽ 2 «ስክሪንሾት ይሰብሰብ» ብቻ ይላል፤ አይበቃም። ስክሪንሾት ብቻውን ሲቀርብ «ተቀናብሯል» ለማለት ይመቻል። ሙሉው ሊንክ፣ የታየበት ቀንና ሰዓት ከነሰዓት ቀጠናው፣ የአካውንቱ የማሳያ ስም ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚ ስሙም ይመዝገብ፤ የማሳያ ስም እንደ ልብስ ይቀያየራል። ገጹ ድረ ገጾችን ቀድቶ በሚያስቀምጠው በኢንተርኔት አርካይቭ ይቀመጥ፣ ቪዲዮው ይውረድ፣ የወረደው ፋይል የኤስኤችኤ-256 አሻራ (ፋይሉ ትንሽ ቢነካካ የሚለወጥ መለያ ኮድ) ወዲያው ወጥቶ በመዝገቡ ይስፈር። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ምስሉን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስንላላክ መተግበሪያው ያሳንሰዋል፣ አሻራውም ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። እንደ ፋይል ይላክ።

ጽሑፉ ለወጣበት ማኅበራዊ ሚዲያ ሪፖርት የሚደረገው ማስረጃው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ካስጠፋነው ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ቅድሚያውም ለስድቡ አይሁን፤ አድራሻዋንና ስልኳን ለሚያወጣውና ለሚዝተው ጽሑፍ ይሁን።

ደኅንነት ቡድን፦
ይህን መዝገብ የምትሞላው እሷ እንዳትሆን። ዛቻውን የሚያነብ ሌላ ሰው ይመደብ፣ በየሁለት ሰዓቱም ይቀያየር። ቀኑን ሙሉ ስድብ ያነበበ ሰው እውነተኛውን ዛቻ ከተራው ስድብ መለየት ያቅተዋል።

ግንኙነት ቡድን፦
የመግለጫው ርዕስ «ሰላይ አይደለችም» ይላል። ይቀየር። ወሬውን ያልሰማው ሰው ከኛ ይሰማዋል፤ ጆሮው ላይ የሚቀረውም «ሰላይ» የሚለው ነው። መጀመሪያ ሥራዋ፣ ቀጥሎ ክሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ወዲያው ማስረጃው። የዘመቻውን ሊንክ ለመቃወም ብለንም ቢሆን አናጋራ።

ሌላው፣ «ሁሉም ውሸት ነው» የሚለውን ሰርዙልኝ። ክሶቹን እንለያቸው፦ በሬ ወለደ የሆነው፣ ተጣምሞ የቀረበው፣ እውነት የሆነው። «ከውጭ ገንዘብ ትቀበላለች» የተባለው ድርጅቷ በይፋ የሚያገኘው ድጋፍ ከሆነ፣ «አልተቀበለችም» ባልን ማግስት አንድ ደረሰኝ ያጋልጠናል። የተመረመረው ሒሳብ ይያያዝ፣ መልሱም «አዎ፣ ይኸው ሒሳቡ» ይሁን።

ሕግ ቡድን፦
ለዚህ መልስ መደገፊያ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1998 ያጸደቀው የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች መግለጫ፣ አንቀጽ 13፣ ለዚህ ሥራ ድጋፍ መጠየቅንና መቀበልን መብት ያደርገዋል። ይህ የጉባኤው መግለጫ ግን በራሱ አስገዳጅ ስላልሆነ፣ ያጸደቁትን አገሮች የሚያስገድደው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 17 ይጨመር፤ በክብርና በመልካም ስም ላይ የሚፈጸም ሕገ ወጥ ጥቃትን የሚከለክለው እሱ ነው።

የረቂቃችን አንቀጽ 5 ላይ «በወንጀል ይከሰሱ» የሚለው ይውጣ። የዚህን ቃል ኪዳን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 34 ለስም ማጥፋት እስራት ፈጽሞ ተገቢ ቅጣት አይደለም ብሏል። እኛ ዛሬ የመዘዝነው ሕግ ነገ በእሷ ላይ ይመዘዛል።

ግንኙነት ቡድን፦
ታዲያ ጣቢያውን ምን ያስፈራዋል? ደብዳቤ?

ሕግ ቡድን፦
የፍትሐ ብሔር ክስ አልተዘጋም፤ ክሱ የሚቀርብበት ጊዜ ግን አጭር ነው። በፈረንሳይ 3 ወር፣ በእንግሊዝ 1 ዓመት ነው። ስለዚህ የአገሯ የይርጋ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይጣራ። ክሱ የሚያስከትለውም ይታሰብ፦ ተከሳሹ ሰነድ ሊያስቀርብ ይችላል፤ መረጃ የሰጧት ተጎጂዎች ስም እዚያ ውስጥ ካለ ክሱ ባይመሠረት ይሻላል። ከዚያ በፊት ለአዘጋጁ የማስተባበያ ጥያቄ ይላክ፦ ለአንድ የተሳሳተ ነጥብ አንድ ማስረጃ፣ እርማቱም ዘገባው በወጣበት ሰዓትና ቦታ እንዲወጣ፣ የመልስ ቀነ ገደብ ያለው። ካልመለሱ ያው ደብዳቤ ለክሱ ማስረጃ ይሆናል።

ዘመቻው በመንግሥት ሚዲያ ከሆነ ወይም ባለሥልጣን ካራገበው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ለተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የተሟጋቾች ልዩ ራፖርተር (የተሟጋቾችን ሁኔታ ለሚከታተለው ገለልተኛ ባለሙያ) ይጻፍ። የእሷ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የጋዜጣ ቁራጭ ብቻ ያለበት አቤቱታም አይሄድም፤ የራሷ ቃልና ሰነድ ይኑር። ራፖርተሩ ለመንግሥት የሚልከው ደብዳቤ በተለምዶ ይፋ የሚሆነው ከ60 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ለነገ ዜና መልስ ይሆናል ብለን አንጠብቅ።

አስተባባሪ፦
አንቀጽ 2ን፣ 4ን እና 5ን በዚሁ አስተካክላለሁ። ፈራሚ ድርጅቶችን በተመለከተ፣ ማስረጃውን ራሳቸው ያዩ ብቻ ይፈርሙ የሚለውን አስገብቻለሁ። አንዱ ፈራሚ ፊርማውን ካነሣ ዜናው እሱ ይሆናልና። አንቀጽ 6 ግን አልተቋጨም፤ ቃል አቀባዩ አንድ ሰው ይሁን ተብሏል፣ እሱ በሌለበት ማታ ጋዜጠኛ ቢደውል ማን ያንሣ?


ደኅንነት ቡድን፦
ማንም አያንሣ። ጥያቄው በጽሑፍ እንዲላክ የሚጠይቅ አጭር የጽሑፍ መልስ ይዘጋጅ፣ ስልኩን ይዞ መልሱን የሚልከውም ተተኪ ቃል አቀባይ ይሁን።