የወታደር ቅናሽ ያተርፋል ወይስ ያታልላል?

የአየር ኃይሉ፦ ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ያለነው ያው አሜሪካ ጦር ውስጥ ያለን፣ የወጣን ወይ ወታደር ያገባን ነን፤ እስቲ አንድ ነገር እንከራከር። ባለቤቴ «የወታደር ቅናሽ» የሚል ካየች ሌላ ዋጋ አታይም። እኔ ግን የምንከፍለው ከማንም እኩል ነው ባይ ነኝ። ትናንት ሆቴል ስፈልግ ያገኘሁት ይኸውላችሁ። መደበኛው ዋጋ በሌሊት 189 ዶላር። የወታደሩ 10 በመቶ ሲቀነስ 170 ከ10 ሳንቲም። ቀድሞ ተከፍሎ የማይመለሰው ደግሞ፣ ወታደር ሆነ አልሆነ፣ 158። ታዲያ ቅናሹ የታለ?

ሜዲኳ፦ «የማይመለስ» የምትለዋን ቃል ዘለልካት እኮ ወንድሜ! እኔ አምና የእረፍት ፈቃዴ ጸድቆ፣ ሻንጣዬን አስሬ፣ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ልምምድ አለ ተባለና ፈቃዱ ተሰረዘ። ሆቴሉን በወታደር ዋጋ ስለያዝኩ አንዲት ሳንቲም አልቆረጡብኝም። በአንተ 158 ሒሳብ ቢሆን ኖሮ አራት ሌሊት፣ 632 ዶላር፣ ውሃ በላው ማለት ነው።

የአየር ኃይሉ፦ እሺ፣ ይቺን ተቀበልኩ። ግን ሪዞርት ፊ የሚሉት፣ ሆቴሉ ከክፍሉ ዋጋ ሌላ የሚጨምረው ክፍያስ? 10 በመቶው የሚነሳው ከክፍሉ ዋጋ ላይ ነው። በሌሊት 35 ዶላር ፊ ካለ እሱን ሙሉውን ነው የምትከፍዪው።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ በመቶኛ ስትጨቃጨቁ ነጻውን ረሳችሁት። የብሔራዊ ፓርኮች የዓመት ማለፊያ ለሌላው የአሜሪካ ነዋሪ 80 ዶላር ነው። አገልግሎት ላይ ላለ ወታደር በነጻ። ለእኛ ለቬተራኖች፣ አገልግለን ለወጣነው፣ ደግሞ ከ2022 (በፈረንጆቹ) የቬተራኖች ቀን ጀምሮ የዕድሜ ልኩን በነጻ ይሰጡናል። ትልልቆቹ አየር መንገዶችም አገልግሎት ላይ ላላችሁት ለግል ጉዞ እንኳ ሻንጣ አያስከፍሉም። «ስፔስ ኤ» የሚባለውም አለላችሁ፤ በጦሩ አውሮፕላን ትርፍ ወንበር ከተገኘ በነጻ መሄድ ነው።

ሎጂስቲክሱ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና «ስፔስ ኤ»ን ነጻ አይበሉብኝ። ወንበሩ ነጻ ነው፣ ጥበቃው ግን ያስከፍላል።

ጡረተኛው፦ እውነትህን ነው፣ አልዋሽህም። በወንበሩ ወረፋ ጡረተኛ ምድብ 6 ነው፣ የመጨረሻው። ጀርመን ያለው የጦሩ አየር ማረፊያ፣ ራምስታይን ላይ አራት ቀን ተቀምጫለሁ። ስም ዝርዝሩ ይነበባል፣ ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ፣ ወንበሩ ከእኔ በፊት ያልቃል። ተመልሼ ሆቴል። በአምስተኛው ቀን ትኬት ቆርጬ በሲቪል መጣሁ። ግን ጡረተኛ ነኝ፣ ምን ያስቸኩለኛል? ሰኞ ሥራ የሚገባ ሰው ባይሞክረው ይሻለዋል።

የመርከበኛው ሚስት፦ እኔ የማምንበት አንድ ቅናሽ ብቻ ነው። ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ወርልድ ያለው ሼድስ ኦፍ ግሪን የሚባለው የወታደሮች ሆቴል የሚያስከፍለው በማዕረግ ነው። ባለቤቴ ዝቅተኛው ማዕረግ ላይ ሳለ ነው የሄድነው፣ ክፍሉ ከአጠገቡ ካሉት ሆቴሎች ጋር የሚወዳደር አልነበረም። የዲዝኒ መግቢያ ቲኬቱንም ቤዝ (የጦር ሰፈሩ) ውስጥ ካለው ቲኬት ቢሮ ገዛን፣ በጣም ቀነሰልን። ቤት ገብቼ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስደምር ነው የደነገጥኩት። ቅናሹ ባይኖር ኖሮ ኦርላንዶን ማን ያስበው ነበር? ያን ዓመት እናቴ ቤት ልንሄድ ነበር እኮ!

ሎጂስቲክሱ፦ በቃ፣ ይሄ ነው! ስንት ተቀነሰልኝ ሳይሆን ስንት ከኪሴ ወጣ ነው ጥያቄው። ደግሞ አንዳንዱ የመንግሥት ተመን ያለበትን የሆቴል ዋጋ ለእረፍት ይይዛል። እሱ የሥራ ጉዞ ትእዛዝ ለያዘ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን አምጣ ቢሉህስ?

ሜዲኳ፦ ስለዚህ ፈቃዱ የሚያጠራጥር ሰው የወታደሩን ዋጋ ይያዝ። እርግጠኛ የሆነ ሁለቱንም ከነታክሱ፣ ከነፊው ደምሮ ያስተያይ። እኔ ከዚህ አልወርድም።

የአየር ኃይሉ፦ ሁሉንም ለባለቤቴ አነበብኩላት። 170ውን ያዝ ብላለች፣ ፈቃዴ ገና አልተፈረመማ። ተሸንፌያለሁ። አሁን ደግሞ «ያ በማዕረግ የሚያስከፍለው ሆቴል የት ነው ያለችው?» እያለችኝ ነው። የመርከበኛው ሚስት፣ ምን አደረግኩሽ?