እናቴ ከኦፕራሲዮን በኋላ አልነሳም አለች፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ሆዷ ተከፍቶ ማህፀኗ በኦፕራሲዮን ከወጣ ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ትናንት ወደ ቤት አመጣናት። ሐኪሙ «ታስል፣ በረጅሙ ትተንፍስ፣ ተነሥታ ትራመድ፤ አለዚያ እግሯ ላይ ደም ሊረጋ፣ ሳንባዋም ሊታመም ይችላል» ብሎናል። እሷ ግን ስፌቱ ይፈታል ብላ ሳሉን እንኳ ታፍነዋለች። ሊጠይቋት የሚመጡት ጎረቤቶችም «አይዞሽ፣ ተኚ፣ አትነቃነቂ» ይሏታል። አጥሚት ይዘው ስለሚመጡ እኔም ደፍሬ አልናገርም።

የታዘዘላት ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም፣ ሁለት ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ ሲብስባት ደግሞ ትራማዶል ነው። ትራማዶሉ ያዞራታል፣ ሆዷንም አድርቆታል። ስለዚህ ሁሉንም እምቢ ብላ ቆይታ ሕመሙ ሲጠናባት ብቻ ትውጣለች፤ ያን ጊዜ ቶሎ አያስታግስላትም። ትራስ ሆዷ ላይ አስደግፌ እንድታስል ሳደርጋት ትንሽ ይሻላታል። ፓራሲታሞሉን ሰዓቱን ጠብቄ ሰጥቻት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባስነሣትስ? ለድርቀቱስ ምን ረዳችሁ? አንዷ ጎረቤት የሰጠችንን ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ግን እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ ደብቄዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የግራ ባቷ ከቀኙ አብጦ ያየሁ መሰለኝ። ዓይኔ ነው ወይስ አሁኑኑ ባጃጅ ጠርቼ ልውሰዳት?