የፈቃድ ቅጹን ለወላጆች እንዴት ልጻፍ?

በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከ11 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ጥቁር ልጃገረዶች በየቅዳሜው የሚካሄደውን የአመራርና የጤንነት መርሐ ግብር በበጎ ፈቃድ ከሚያስተባብሩት አንዷ ነኝ። ልጆቹ ስብሰባውን በየተራ ይመራሉ፣ በእግር እየተጓዙ ይወያያሉ፣ ስለ ፀጉራቸውም ሳይሸማቀቁ ይናገራሉ። የግዛቱ ሕግ ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ በሹሩባና በመሰል የፀጉር አሠራር ምክንያት የሚፈጸምን አድልዎ ቢከለክልም፣ አንዲት ልጅ ግን የክፍል ጓደኞቿ ሹሩባዋን እየነካኩ ስላሳቀቋት ሁለት ቅዳሜ ሻሿን ሳታወልቅ ውላለች።

የተቸገርኩት አማርኛ ተናጋሪ በሆኑት በእኛው ልጆች ወላጆች ዘንድ ነው። በፈቃድ ቅጹ ላይ «የአእምሮ ጤና» የሚለውን ሲያነቡ «ልጄ ምን ሆነችና?» እያሉ ሳይፈርሙ ይመልሱታል፤ ቃሉ በእኛ ዘንድ ከእብደት ጋር ተያይዞ የኖረ በመሆኑ አልፈርድባቸውም። ይሁን እንጂ ልጆቹ በመርሐ ግብሩ ከምትገኘው የአእምሮ ጤና አማካሪ ጋር የሚያደርጉትን ውይይት ደብቄ ማስፈረም አልፈልግም። ተመሳሳይ ሥራ የሠራችሁ፣ በተለይም የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ይህን ክፍል እውነቱን ሳትሸፍኑ ወላጅንም ሳታስደነግጡ በአማርኛ እንዴት እንደጻፋችሁት፣ እናቶቹንስ አስቀድሞ ሰብስቦ ማወያየት ይበጅ እንደሆነ ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ። ቅጾቹን የምንሰበስበው በመጪው ቅዳሜ ነው።