የጎንደር የተረት ጉዞ፦ ማመልከቻውን አብረን እንጻፈው

አስተባባሪ፦
ሰላም ወገኖች። በስብሰባው እንደተስማማነው ለከተማው ባህልና ቱሪዝም የምናስገባውን ማመልከቻ እዚህ እናዘጋጀው። እንግዳ መጥቶ ፋሲል ግቢን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ስለ ግንቡ የሚወራውን እርግማንና ስለ ወንዙ የሚነገረውን ጋኔን ግን ማንም አይነግረውም። የእኔ ረቂቅ ይህ ነው፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ፋኖስ ይዘን ከፋሲል ግቢ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከዚያ ወደ ቁስቋም። ነጭ የለበሱ ተዋንያን ከግንቡ ሥር ብቅ ይላሉ። ምን ትላላችሁ?

የቀሃ ልጅ፦
ነጭ ለብሶ ብቅ የሚለው ይቅር፣ የፈረንጅ ፊልም ነው የሚመስለው። እኔ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ነው ያደግሁት። እናቴ ከወንዙ የምትከለክለን ማታ አልነበረም። ቀን በስድስት ሰዓት ነው! ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ በር ላይ ቆማ «ቀትር ሆነ፣ ግቡ!» ብላ ትጮሃለች። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እንኳ ዕቃቸውን ሰብስበው ዛፍ ሥር ይቀመጡ ነበር። ጋኔነ ቀትር ዳዊት ላይም አለ፣ መዝሙር 90ን የሚደግም ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ የእኛ ከተማ የሚያስፈራው ሰዓት ቀትር ሆኖ ሳለ ለምን በግድ ሌሊት እናደርገዋለን? አንዱን ክፍል በቀትር፣ ፋሲል መዋኛ እናድርገው። ውሃው ከቀሃ ነው የሚመጣው። ጉልላት ያላት ትንሿ ቤትም እዚያው ናት፣ የአፄ ፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ናት የምትባለው።

አስጎብኚ፦
በቀትሩ እስማማለሁ። የግቢውን ክፍል ግን ለማምሻው ተዉልኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጎንደር በ1636 ስትቆረቆር አፄ ፋሲል ጎሽ ሲያሳድዱ ኩሬ ዳር ደረሱ፣ አንድ ባሕታዊም «እዚህ ከትም» አላቸው የሚለውን መነሻ እናድርገው። ዋናው ግን የታላቁ ኢያሱ ግንብ ነው። በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር፣ ዛሬ ጣሪያ የለውም። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ። ንጉሡ በ1706 በጣና ደሴት ላይ ተገደሉ። የነገሠው የገዛ ልጃቸው ነው፤ ሕዝቡም «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» አለው። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ እሱም ተወግቶ ሞተ። ሌላው ልጅ ዳዊት በ1721 በመርዝ ሄደ። ጎብኚን እዚያ ጣሪያ አልባ አዳራሽ ውስጥ ጀንበር ስትጠልቅ አቁሜ ይህን ብቻ ብነግረው ተዋናይ አያስፈልገኝም። የአፄ በካፋንም እጨምራለሁ። ለቀናት ከሰው ዓይን ተሰወሩ፣ ከተማው ሞቱ ብሎ ሲያወራ በፈረስ ብቅ አሉ ይባላል። ከሞት የተመለሰ ንጉሥ ከፈለጋችሁ እሱ አለላችሁ።

ከነታንያ፦
እኔ ጎንደር አጠገብ ካለው የቤተ እስራኤል መንደር ከወለቃ ነኝ፣ በልጅነቴ ነው ወደ እስራኤል የመጣሁት። ማንም ሳይጨምረው አንድ ነገር ልበል። «ቡዳ»ን እና «ሌሊት ጅብ የሚሆን ቀጥቃጭ»ን ለማስፈራሪያ አታስገቡ፣ እባካችሁ። አባቴ ማረሻ ይሠራ ነበር። ገበያተኛው ማረሻውን መርጦ፣ በጣቱ መትቶ ድምፁን ሰምቶ፣ ከፍሎ ይወስዳል። አባቴ ቀና ሲል ግን ያዘለችው እናት የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። ያንን ነጠላ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ተረት ነው ተብሎ የሚተረክ አይደለም፣ ሰው የተገፋበት ወሬ ነው።

የቀሃ ልጅ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። እኔ ልጨምረው እያሰብኩ ነበር፣ ይቅርታ።

አስጎብኚ፦
ይውጣ። ወይም ወለቃ ላይ፣ ልክ እሷ እንዳለችው፣ በሰዎቹ ላይ ያደረሰው ይነገር። ለሳቅና ለድንጋጤ ግን በፍጹም።

አንድ አባት፦
ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። በማታ ፋኖስ ይዞ ሆ እያሉ መግባት አይሆንም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1888 የሱዳን ድርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ሥላሴን የንብ መንጋ ወጥቶ አስጣላት ይባላል። ይህን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆማችሁ በቀን ንገሩ። ቁስቋም ያለው ደግሞ አጽም ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱና በ1769 ከታነቀው የልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጋር ነው ያረፉት። የልጅ ልጇን የቀበረች አያት ናት። እዚያ ድምፅ ዝቅ ይበል፣ የደብሩ አስተዳዳሪም አስቀድሞ ይጠየቅ። ደግሞም ዳገቱን በጨለማ ማን ይወጣዋል?

አስጎብኚ፦
ጋሼ፣ እሺ። ስለ ዛርስ? ጎንደርን ያለ ዛር ማውራት ይከብዳል።

አንድ አባት፦
ከበሮ አይመታ፣ ማንም አይጓራ። የሔዋንን ተረት ግን ንገሩ። 30 ልጆች ነበሯት፣ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ 15ቱን ቆንጆዎች ደበቀች፣ የተደበቁትም እንደተደበቁ ቀሩ፣ ዛሮቹ እነሱ ናቸው ይባላል። ይህ ቡና ላይ የሚነገር ነው።

አስተባባሪ፦
ተዋንያኑንና ፋኖሱን ሰርዣለሁ። እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ጉዞው ጠዋት በደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጅ ይጀምራል። በቀትር ፋሲል መዋኛ ይደርሳል። ከደብሩ ፈቃድ ሲገኝ ከሰዓት በኋላ ቁስቋም ይታያል። የሔዋን ተረት ቡና ላይ ይነገራል። ጀንበር ስትጠልቅ በኢያሱ ግንብ ያበቃል። ተራኪዎቹ የሰፈሩ እናቶችና አባቶች ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ቀንም አበል ይከፈላቸዋል። ማንንም ወገን የሚያስነውር ወሬ አይነገርም።» የግቢው መዝጊያ ሰዓት እንዲራዘምልን ለብቻ ደብዳቤ እንጽፋለን፣ አለዚያ ጀንበሯን ከውጭ ነው የምናያት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንፈርም። የቀሃ ልጅ፣ የቀትሩን እናትሽ ቢተርኩልን?

የቀሃ ልጅ፦
ጠየቅኳት። «እመጣለሁ፣ ግን በስድስት ሰዓት ውሃው ጠርዝ ላይ አልቆምም፣ ዛፉ ሥር ሆኜ ነው የማወራው» ብላለች።