ከነርስነት ወደ ኤፒዲሚዮሎጂ፦ ድሬ ላይ ያላችሁ ምከሩኝ

የሳቢያኗ ነርስ፦
ሰላም ቤተሰብ። ድሬ ላይ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፣ ዲግሪ አለኝ። ሐረር ባለው የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ኮሌጅ ማስተርስ መማር አስቤያለሁ። ልቤ ኤፒዲሚዮሎጂ ላይ ነው፣ በሽታ እንዴትና የት እንደሚዛመት የሚያጠናው። እናቴ ግን «መርፌ የማይወጋ ደግሞ ምን ዓይነት የጤና ባለሙያ ነው?» ትለኛለች። ሥራው እውነት ምን ይመስላል? ቢሮ ቁጭ ብሎ ሪፖርት መሙላት ከሆነ ይቅርብኝ።

የከዚራው፦
አቦ እህቴ፣ ለብር ከሆነ አትልፊ። ፕሮጀክት ሲያልቅ ኮንትራቱም አብሮ ያልቃል። የመንግሥቱን ደመወዝ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

በርሜል አሳሽ፦
የከዚራው ስለ ብሩ አልዋሸም። ስለ ሥራው ግን ልንገርሽ፣ እኔ በሽታ ክትትል ላይ ነኝ።

ሪፖርቱ አለ፣ በየሳምንቱ። ቁጥሩ ካለወትሮው ከፍ ካለ ግን ወንበሩን ትተሽ ሰፈር ለሰፈር መዞር ነው። ድሬ ደግሞ ለዚህ ሥራ ራሷ ትምህርት ቤት ናት። በ2006 ዴንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታ መጣ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባለው ሌላ በሽታ ከተማውን አስተኛው፣ መገጣጠሚያውን ይዞ ያላቃሰተ ቤት አልነበረም። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው ትንኝ ናት። የምትነክሰው ቀን ነው፣ ስለዚህ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም። በ2014 የተነሣው ወባ ደግሞ ከእስያ ከመጣችው ስቴፈንሲ ከምትባል ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። እሷም ረግረግ አትጠብቅም፣ የከተማ የውሃ ታንከር ይበቃታል።

ስለዚህ ውሎሽ በርሜል መክፈት ነው። መጋላ አንድ ግቢ ገብተሽ ክዳኑን አንስተሽ ባትሪ ስታበሪበት፣ የትንኝ እጮቹ እየተጥመለመሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። እማማ አጠገብሽ ቆመው «ውሃ በወረፋ እየመጣ ካላጠራቀምኩ ምን ልጠጣ ልጄ?» ይሉሻል። ልክ ናቸው! ድፉት ብትያቸው ሁለተኛ በር አይከፍቱልሽም። ደግሞ መድፋቱ ብቻ አይበቃም፤ የኤደስ እንቁላል በርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደርቆም ወራት ይቆያል። በብሩሽ ፈትጎ ማጠብ፣ ከዚያ ጥብቅ አድርጎ መክደን ነው። ከጎሚስታው ጋር ውሃ ስለሚያቁረው የጎማ ክምር መነታረክም አለ፣ እሱን ለብቻው ሌላ ቀን።

እኔ ብሆን ፊልድ ኤፒዲሚዮሎጂ የሚባለውን እመርጣለሁ። አብዛኛው ጊዜ መስክ ላይ ነው። ነርስነትሽም አይባክንም፤ ትኩሳት ያለበትን ሰው ማናገር የማይችል ስንት ማስተርስ ያለው አለ መሰለሽ።

የሳቢያኗ ነርስ፦
ተባረክ ወንድሜ። ስታትስቲክሱስ? ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ።

በርሜል አሳሽ፦
ኤክሴል ከአሁኑ ጀምሪ። የጤና ጣቢያሽን የትኩሳት ታካሚዎች ብዛት በየሳምንቱ ግራፍ አድርጊው፤ ስም አያስፈልግሽም፣ ኃላፊሽን ግን አስፈቅጂ። ለእናትሽም አሳዪያቸው።