ድሬ ውስጥ ጥያቄ የማያስደነግጠው ቸርች አለ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ኦርቶዶክስ ቤት ነው ያደግኩት፣ ታህሳስ 19 ቁልቢ በእግሬ የሄድኩ ልጅ ነኝ፣ ካምፓስ ስገባ ግን ጓደኞቼ ፌሎሺፕ ወሰዱኝና እዛው ቀረሁ። ባለፈው መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ አንድ ነገር ጠየቅኩ፣ እናቴ ስራ ስትውል ፀጉሬን እየሰራች ያሳደገችኝ ጎረቤታችን ሙስሊም ናት፣ እሷም ሲኦል ነው የምትገባው? አልኩ። መሪያችን መጽሐፉን ዘጋና ይሄ መንፈስ ነው ብሎ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጫነ፣ እኔ ደሞ ሻይ እንደያዝኩ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። አቦ አጋንንት የለብኝም፣ ጥያቄ ነው ያለኝ!

ኢየሱስን መተው አልፈልግም። ግን ኢቮሉሽን ይገባኛል፣ ሴት ብትሰብከኝ ደስ ይለኛል፣ በሰው የግል ህይወት መፍረድም አይመቸኝም። መካነ ኢየሱስ ሴቶችን በቅስና ይሾማል፣ ግን እ.ኤ.አ በ2013 ከስዊድንና ከአሜሪካ ሉተራኖች ጋር የተቆራረጡት በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ጉዳይ ስለሆነ እዛ ጋ አፌን መዝጋት ሊኖርብኝ ነው። ካቶሊኮች በኢቮሉሽን አይጣሉም፣ ሴት ቄስ ግን የላቸውም። የአንግሊካኑ ቅዱስ ማቴዎስ ደሞ አዲስ አበባ ነው፣ በየእሁዱ ማን ይሄዳል?

እስቲ ድሬ ወይ ሐረር የምትኖሩ፣ ቤት ውስጥ የሚሰበሰብ ትንሽ ህብረት ቢሆንም ግድ የለኝም፣ ተጠይቆ የማይቆጣ አገልጋይ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ወይስ እዛው ዝም ብዬ ልቀመጥ?